የማይሰደደው ማን ነው? የድርጅት ግብር ማሻሻያና የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ደጋ ተወዳዳሪነት

(ደብረ ብርሃን ላይ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ትምህርታዊ ጉባኤ የቀረበ ዲስኩር)

ክቡራን መምህራን፣ ከመሐል ሜዳና ከሞላሌ፣ ከራቤልና ከዓለም ከተማ ድረስ መጥታችሁ የተገኛችሁ ነጋዴዎች፣ የገቢዎች መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች፣ ውድ ተማሪዎች፤

በሰሜን ሸዋ ስለ ንግድና ኢንቨስትመንት ውይይት በተደረገ ቁጥር የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ጥያቄው «ለሌሎች አካባቢዎች የተሰጠው የግብር እፎይታ ለእኛ ደጋ ለምን አይሰጥም?» የሚል ነው። የዛሬው ንግግሬ ዓላማ ይህን ጥያቄ በሚገባው ክብር መመርመር ነው። መልሴን ግን ሳልደብቅ አስቀድሜ ላቅርበው። ጥያቄው የመነጨበት ቅሬታ ተገቢ ነው፤ የሚጠይቀው መፍትሔ ግን ደጋውን እምብዛም አይጠቅምም። አምራቾቻችን በዓለም ገበያ እንዲወዳደሩ የሚረዳቸው እውነተኛ ትርፍን ብቻ የሚነካ፣ አስቀድሞ የሚታወቅና ለሁሉም እኩል የሚሠራ ግብር ነው። ይህን ለማስረዳት ከዐዋጆቹ ቁጥር ከመጀመሬ በፊት ሁላችንም የምናውቀውን የመንዝን በግ ላስቀድም።

ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው ደጋ፣ ውርጭ የገብሱን ቡቃያ በሚመታበት አገር፣ በግ የገበሬው ቁጠባ ነው። ሥጋውና ቆዳው ይሸጣል፤ ሱፉ ደግሞ በቤት ውስጥ ሥራ ይፈጥራል። ሴቶች ሱፉን ይፈትላሉ፤ ወንዶች ባናና ዝተት ይሠራሉ። የመንዝ በርኖስም ከአካባቢው አልፎ ስሙ የታወቀ ነው። ከሱፉ ከፊሉ በነጋዴ እጅ አልፎ ወደ ፋብሪካ ይሄዳል፤ ደብረ ብርሃንም ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት። እንግዲህ ከበጉ ባለቤት እስከ ፈታይዋ፣ ከሰብሳቢው ነጋዴ እስከ ፋብሪካው ድረስ አንድ ሰንሰለት አለ። የድርጅት ገቢ ግብር ሕግ በስም የሚጠራው የዚህን ሰንሰለት የመጨረሻውን ቀለበት፣ ማለትም ድርጅቱን ብቻ ነው። የግብሩ ክብደት ግን እስከ መጀመሪያው ቀለበት ድረስ ይደርሳል።

ግብሩን የሚከፍለውና የሚሸከመው

በምጣኔ ሀብት ትምህርት፣ ግብሩን ገቢ የሚያደርገው ወገን ሁልጊዜ ግብሩን የሚሸከመው ወገን ላይሆን ይችላል። ድርጅት በሕግ ፊት ሰው ቢሆንም እንደ ሰው አይራብም፣ አይጠማም። ድርጅቱ የሚከፍለው እያንዳንዱ ብር ከአንድ የሥጋ ሰው ኪስ ይወጣል። ምናልባት ከባለአክሲዮኑ የትርፍ ድርሻ፣ ምናልባት ከሠራተኛው ደመወዝ፣ ምናልባት ከጥሬ ዕቃ አቅራቢው ዋጋ፣ ምናልባትም ከሸማቹ ይወጣል። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አርኖልድ ሃርበርገር እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው ጥናት ይህን የሸክም ክፍፍል በሥርዓት መረመረ፤ ካፒታል ከአገር በማይወጣበት ሁኔታ ሸክሙ በአመዛኙ በካፒታል ባለቤቶች ላይ እንደሚያርፍም አሳየ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች የአገር በር ሲከፈት ምን እንደሚሆን ጠየቁ። አገሪቱ ትንሽ ከሆነችና ካፒታል ወደፈለገው መሄድ ከቻለ፣ ሸክሙ ቀስ በቀስ መሄድ በማይችለው ላይ ይወድቃል የሚል መልስም አገኙ።

በእኛ ደጋ መሄድ የማይችለው ማን ነው? ባለሀብቱ ማሽኑን ነቅሎ ወደ ሌላ አገር ሊያዛውር ይችላል። የግሼ ማሳና የመርሐቤቴ ገደል ግን ካሉበት አይነቃነቁም። የሞላሌዋ ፈታይም ልጆቿን ይዛ ገበያ ወዳለበት አገር ልትሄድ አትችልም። በዓለም ገበያ የብርድ ልብስን ዋጋ የሚወስኑት የእስያ ታላላቅ አምራቾች ናቸው። ስለዚህ የደብረ ብርሃን ፋብሪካ ግብር ሲጨመርበት ዋጋውን ከፍ አድርጎ ለውጭ ገዥ ሊያስተላልፍ አይችልም። የሚቀረው ለሱፍ የሚከፍለውን ዋጋ መቀነስ፣ ደመወዝን ማሳነስ ወይም መዝጋት ነው። የድርጅት ግብር ማሻሻያ አዲስ አበባ ላይ የሚወሰን የባለአክሲዮኖች ጉዳይ ብቻ ቢመስልም፣ የመንዝን ገበሬ የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው።

እስካሁን ያልኩት ግብር ዝቅ እንዲል ለሚሟገቱት ወገኖች የሚያግዝ ነው፤ ክርክራቸው መሠረት አለው። ነገር ግን ግብርን ዝቅ ማድረግ ብዙ መልክ አለው። የትኛው መልክ ደጋውን እንደሚጠቅም መለየት ያስፈልጋል።

መጣኔው ከሌሎች አገሮች ጋር ሲነጻጸር

አሁን ያለንበት ሥርዓት በጥቂት ዐዋጆች ላይ የቆመ ነው። የገቢ ግብር ዐዋጅ ቁጥር 286/1994 የድርጅቶችን የትርፍ ግብር መጣኔ በ30 በመቶ አጸና። የተካው ዐዋጅ ቁጥር 979/2008 ይህንኑ መጣኔ ይዞ ቀጠለ፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው የማሻሻያ ዐዋጅ ቁጥር 1395/2017ም 30 በመቶውን አልነካም። እንግዲህ መጣኔው ከሃያ ዓመት በላይ ሳይናወጥ ቆይቷል ማለት ነው። ይሁንና በእነዚህ ዓመታት የግብሩ ክብደት ለአንዳንዱ እጅግ ሲቀል ለሌላው እጅግ ከብዷል። ለውጡን ለማግኘት ከመጣኔው ይልቅ ግብር የማይነካቸውን እና ግብር የሚታሰብበትን መሠረት መመልከት ይገባናል።

መጣኔያችን ከሌሎች ጋር ሲነጻጸር እንግዳ አይደለም። ኬንያ እንደ እኛ 30 በመቶ ታስከፍላለች፤ ሩዋንዳ ወደ 28፣ ደቡብ አፍሪካ ወደ 27 በመቶ ዝቅ አድርገዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው ሕግ የፌዴራሉን መጣኔ ከ35 ወደ 21 በመቶ አውርዳለች። በዝቅተኛ ግብር የምትጠቀሰው አየርላንድ ለዓመታት 12.5 በመቶ ስታስከፍል ኖራለች። የአየርላንድን ምሳሌ የሚጠቅሱ ሰዎች ግን አንድ ነገር ይዘነጋሉ። አየርላንድ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የአውሮፓ የጋራ ገበያ አባል ናት፤ እንግሊዝኛ የሚናገር የተማረ የሰው ኃይል አላት፤ ወደብም አላት። እዚያ ዝቅተኛው መጣኔ የተደላደለ መሠረት ላይ የተጨመረ ነበር። የእኛ ፋብሪካ ግን ዕቃውን በአመዛኙ በጂቡቲ ወደብ በኩል በረጅም የየብስ ጉዞ ማስወጣት አለበት። የመብራት መቋረጥና የውጭ ምንዛሪ ወረፋም ከዋጋው ላይ ይደመራሉ።

የቅርብ ምሳሌ ለማግኘት ወደ ደቡብ እንመልከት። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ለገቡት ድርጅቶች የግብር እፎይታ፣ የቀረጥ ነጻ መብትና የተሠራ ሼድ ተዘጋጅቶላቸው ነበር። የታዋቂ ልብስ ምልክቶች ባለቤት የሆነው ፒቪኤች ከመጀመሪያዎቹ ገቢዎች አንዱ ነበር። በኅዳር 2014 ዓ.ም. በአገሪቱ የተባባሰውን ግጭት ምክንያት አድርጎ የራሱን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ከታኅሣሥ ማብቂያ በፊት ደግሞ ኢትዮጵያ አጎዋ በተባለው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ከቀረጥ ነጻ የመላክ ዕድሏን አጣች። ግብር አለመክፈሉ ፋብሪካውን አላቆየውም፤ ምክንያቱም ሰላምና የገበያ በር ከሌሉ ግብር የሚነካው ትርፍ ራሱ አይኖርም። ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢትና እስከ ደብረ ሲና አካባቢ በደረሰበት በዚያ ወራት እኛም በበራችን ያየነው ጉዳይ ስለሆነ ብዙ ማስረዳት አያሻም።

የእፎይታው ሒሳብ

አሁን ወደ መነሻው ጥያቄ እንመለስ። የኢንቨስትመንት ማበረታቻ ደንብ ቁጥር 270/2005፣ በኋላ በሌላ ደንብ ቢተካም፣ ለዓመታት ሲሠራበት የኖረ ነው። ደንቡ አገሪቱን በቦታ ከፋፍሎ ነበር። ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ ልዩ ዞን ውጭ ለሚሠማራ ባለሀብት እፎይታው በጥቂቱ ይረዝማል። ሩቅ ናቸው ተብለው በተዘረዘሩ አካባቢዎች፣ ለምሳሌ በጋምቤላ፣ በቤንሻንጉል ጉሙዝ፣ በሶማሌ፣ በቦረናና በአብዛኛው የአፋር ክልል፣ እፎይታው ካበቃ በኋላ ለተከታታይ 3 ዓመታት የ30 በመቶ የግብር ቅናሽ ይጨመራል። ከመንዝ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው የአፋር ቆላ ከሩቅ ይታያል። ያ ቆላ በዝርዝሩ ውስጥ ሲገባ፣ ሰው የቆመበት ደጋ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ቅሬታው ተገቢ ነው ያልኩት ስለዚህ ነው። የግሼን መንገድ በክረምት የሚያውቅ ሰው ሩቅነት በክልል ወሰን እንደማይለካ ያውቃል።

ነገር ግን መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ በዝርዝሩ ቢገቡ ምን ይገኝ ነበር? በምሳሌ እናስላው። አሐዙን ለማስረዳት ያህል የወሰድኩት መሆኑን ልብ በሉልኝ። ሁለት ባለሀብቶች እያንዳንዳቸው የ5 ዓመት እፎይታ ተሰጣቸው እንበል። የመጀመሪያው ከውጭ የመጣ ጨርቅ ሰፍቶ ይሸጣል። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ 10 ሚሊዮን ብር ያተርፋል። በ4 ዓመታት 40 ሚሊዮን ብር ትርፍ ስላገኘ እፎይታው 12 ሚሊዮን ብር ግብር አስቀረለት። ሁለተኛው ሱፍ አጥቦ የሚፈትል ፋብሪካ ይተክላል። ከሺህ ገበሬዎች ሱፍ የሚሰበሰብበትን ሥርዓት ለመዘርጋት፣ አጣቢና ፈታይ ለማሠልጠን ዓመታት ይወስድበታል። 4 ዓመት ከስሮ በአምስተኛው 2 ሚሊዮን ብር ቢያተርፍ እፎይታው የሚያስቀርለት 600 ሺህ ብር ብቻ ነው። ሕጉ በእፎይታው ዘመን የደረሰን ኪሳራ ለተወሰነ ጊዜ ወደፊት ማሻገር ቢፈቅድም ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ሆኖ ይቀራል። ከገበሬው ጋር የተቆራኘው፣ ማሽኑን ነቅሎ ለመሄድ የማይቸኩለው ሁለተኛው ነው፤ እፎይታው አብልጦ የሚሸልመው ግን ፈጥኖ መጥቶ ፈጥኖ መሄድ የሚችለውን ነው።

ከዚህ ሌላ የገንዘቡን ባለቤት ማወቅ ያስፈልጋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 98 የድርጅቶችን የትርፍ ግብር የፌዴራሉ መንግሥትና ክልሎች በጋራ የሚጥሉት ግብር ያደርገዋል። እፎይታው የሚሰጠው ግን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ነው። ስለዚህ እፎይታ ሲሰጥ አብሮ የሚቀረው የክልሉም ድርሻ ነው። በክልሉ በጀት የሚሠራው የወረዳ መንገድ፣ የእንስሳት ጤና ኬላና ትምህርት ቤት ደግሞ ለሱፍ ነጋዴውና ለፋብሪካው ከእፎይታው የማይተናነስ ጥቅም አለው።

በመጨረሻም ዓለም ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ከ130 የሚበልጡ አገሮችና ግዛቶች ዓመታዊ ገቢያቸው ከ750 ሚሊዮን ዩሮ በሚበልጥ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ላይ ቢያንስ የ15 በመቶ ግብር እንዲጣል ተስማምተዋል። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ2024 ጀምሮ በሥራ ላይ አውለውታል፤ አየርላንድም ለታላላቆቹ ኩባንያዎች ወደ 15 በመቶ ከፍ አድርጋለች። ሕጉን በሚተገብሩ አገሮች የተቋቋመ ግዙፍ ኩባንያ እኛ ዘንድ ግብር ካልከፈለ፣ ጉድለቱን የእናት ኩባንያው አገር ሊሰበስበው ይችላል። በአገሩ ላለው የሰው ኃይልና ንብረት የሚታሰብ ቅናሽ ቢኖርም፣ እኛ የተውነው ግብር ለባለሀብቱ ሳይደርስ ወደ ሌላ አገር ግምጃ ቤት የሚሄድበት ጊዜ መጥቷል።

ትርፍ ያልሆነ ትርፍ

እፎይታ ደጋውን እምብዛም የማይጠቅም ከሆነ የሚከብደው ምንድን ነው? ሁለት ነገሮችን ብቻ ላንሣ።

አንደኛው የእርጅና ተቀናሽ ነው። ፋብሪካ ማሽን ሲገዛ ዋጋውን በአንድ ጊዜ ከትርፉ አይቀንስም፤ በዓመታት ከፋፍሎ ይቀንሳል። ተቀናሹም የሚሰላው ማሽኑ በተገዛበት ዋጋ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከለውጡ በፊት በ1 ሚሊዮን ዶላር፣ ማለትም በ57 ሚሊዮን ብር ማሽን የገዛ ፋብሪካ እናስብ። ያንን ማሽን መተካት 120 ሚሊዮን ብር የሚጠይቅበት ጊዜ ቢመጣ፣ ከትርፉ እንዲቀንስ የሚፈቀድለት ግን 57 ሚሊዮን ብር ብቻ ነው። ቀሪው 63 ሚሊዮን ብር በመዝገብ ላይ ትርፍ ተብሎ ይታያል፤ 30 በመቶ ግብር ሲታሰብበትም 18.9 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ፋብሪካው ያረጀውን ማሽን ለመተካት ሊያስቀምጠው ከሚገባ ገንዘብ ላይ ግብር ከፈለ ማለት ነው። ማሽኑን ያልተካ አምራች ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተወዳዳሪ ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው በሽያጭ ላይ የሚታሰበው ዝቅተኛ ግብር ነው። በዐዋጅ ቁጥር 1395/2017 የመጣው ይህ ድንጋጌ፣ ድርጅቱ በትርፉ ላይ የሚከፍለው ግብር ከዓመታዊ ሽያጩ 2.5 በመቶ ካነሰ፣ 2.5 በመቶውን እንዲከፍል ያስገድዳል። ዓላማው ግልጽ ነው። ዓመት በዓመት ኪሳራ እያስመዘገቡ ንግዳቸውን የሚያስፋፉ ድርጅቶች አሉ። የአገሪቱ የግብር ገቢም ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት ሲታይ ከ10 በመቶ በታች ነው፤ መንግሥት ገቢውን ለማሳደግ መሞከሩ አያስወቅሰውም። ነገር ግን በ100 ሚሊዮን ብር ሽያጭ 3 ሚሊዮን ብር ብቻ ያተረፈ የሱፍ ፋብሪካ ቢኖር፣ በትርፉ ላይ የሚከፍለው 900 ሺህ ብር ነበር። በአዲሱ ስሌት ግን 2.5 ሚሊዮን ብር ይከፍላል። ይህ ከትርፉ 83 በመቶ መሆኑ ነው። ለአስመጪ ወይም ለአገልግሎት ሰጪ ቀላል የሆነው ግብር ትርፉ ቀጭን ለሆነ አምራች የጥፋት መጠን ይደርሳል።

ይኸው ችግር በሰንሰለቱ መነሻ ላይም አለ። ከገበሬ ሱፍና በግ እየሰበሰበ የሚሸጥ የመሐል ሜዳ ነጋዴ ብዙ ይሸጣል፤ የሚተርፈው ግን ጥቂት ነው። መዝገብ ካልያዘ ግብሩ የሚወሰነው በሽያጩ ግምት ነው። ታላቁም ፋብሪካ ትንሹም ነጋዴ ከትርፋቸው ይልቅ በሽያጫቸው ሲገበሩ፣ ቅጣቱ የሚያርፈው በቀጭን ትርፍ ብዙ ሰው በሚያገናኝ ሥራ ላይ ነው። የደጋው ምርት ወደ ገበያ የሚወጣው ደግሞ በዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

ግብር ብቻውን ኢንዱስትሪ አይገነባም

ግብርን በማጥበቅ ኢንዱስትሪ ለመፍጠር የተሞከረበት ጊዜም አለ። በ2000 ዓ.ም. ጥሬ ቆዳና ሌጦ ሳይለፋ እንዳይወጣ ለማድረግ የ150 በመቶ የወጪ ንግድ ታክስ ተጣለ፤ በኋላም በከፊል ወደለፋው ቆዳ ተስፋፋ። ሐሳቡ ጥሬ ዕቃችንን እዚሁ ሠርተን እንሽጥ የሚል ነበር፤ መልካም ሐሳብ ነው። ፋብሪካዎቹ ግን የለፋ ቆዳ ለማምረት የሚያስፈልጋቸው ኬሚካል፣ ብድርና ገዥ በበቂ መጠን አልተገኘላቸውም። ውጤቱን ሁላችሁም አይታችኋል። ከዓመታት በኋላ የበግ ሌጦ በበዓል ማግሥት ገዥ አጥቶ በየመንደሩ የሚጣል ሆነ። ፋብሪካው ሊገዛ ያልቻለውን ሌጦ ገበሬው ለውጭ ገዥም እንዳይሸጥ ታገደ፤ ኪሳራውን የተሸከመውም መሄድ የማይችለው ወገን ሆነ።

ከጓሳ የሚገኝ ትምህርት

የታክስ ሊቃውንት አንድ ሥርዓት የሚተነበይ መሆኑን ከሁሉ ያስቀድማሉ። ይህን ለመረዳት ወደ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በመንዝ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋው የጓሳ ምድር ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በተባለ ሥርዓት ሲጠበቅ እንደኖረ ይታወቃል። የአስቦና የጌራ ዘሮች የሚባሉት ባለመብቶች ተሰብስበው ምድሩን ለ3፣ ለ4 ወይም ለ5 ዓመታት ይዘጉታል፤ ሣሩ ሲበስል ደግሞ ቀኑን ለይተው ለባለመብቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይከፍቱታል። ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለጌሳ የሚሆነው ጓሳ የሚታጨደው ያን ጊዜ ነበር።

ሥርዓቱ የተከበረው የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ጊዜ አስቀድሞ ስለሚታወቅ፣ ማንም ቀድሞ ገብቶ ማጨድ ስለማይፈቀድለት፣ ጥበቃውም በተመረጡ የአካባቢው ሰዎች እጅ ስለነበረ ነው። የ1967ቱ የገጠር መሬት ዐዋጅ የቆየውን የባለመብትነት መሠረት ሲያነሣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ምድሩም ተጎዳ። በኋላ ነዋሪው በአዲስ መልክ ራሱ አደራጅቶ የሚጠብቀው ሆኗል። የግብር እፎይታ በተናጠል ለተመረጠ ድርጅት ሲሰጥ፣ ጓሳው ሳይከፈት ለአንድ ሰው አጥሩን እንደ መክፈት ነው። ሌሎቹ ጠባቂ መሆናቸው ያበቃና እነርሱም ቀዳዳ መፈለግ ይጀምራሉ።

አለመተማመን ሲነግሥ ምን እንደሚደርስ ታሪካችን ያስተምረናል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ ተነሣ። ገበሬውን ያስቆጣው የሚከፈለው ብር ብቻ አልነበረም፤ መሬቱ ከተለካና ገቢው ከተገመተ ርስቴን አጣለሁ የሚለው ስጋትም ነበረበት። ገማቹን ያላመነ ሕዝብ የግምቱን ፍትሐዊነት አይመረምርም፤ ግምቱን ራሱን ይቃወማል። ዛሬም ነጋዴው መዝገብ ለመያዝ የሚፈራው የያዘው መዝገብ ውድቅ ተደርጎ በግምት እንዳይተካበት ነው።

ምን እንጠይቅ?

ከዚህ ሁሉ ተነሥቼ፣ የደጋው የንግድ ማኅበረሰብ ለሕግ አውጪው ሊያቀርባቸው ይገባል የምላቸውን አራት ነገሮች ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ማበረታቻው በዓመት ቁጥር መሰጠቱ ቀርቶ ባፈሰሰው ካፒታል ልክ ይሁን። ባለሀብቱ ለማሽን፣ ለሥልጠናና ለጥሬ ዕቃ መሰብሰቢያ ያወጣውን ገንዘብ በፍጥነት ከትርፉ እንዲቀንስ፣ ያልተጠቀመበትንም ወደፊት እንዲያሻግር ይፈቀድለት። እንዲህ ከሆነ ዘግይቶ የሚያተርፈው የሱፍ ፋብሪካ ፈጥኖ ከሚያተርፈው እኩል ይታያል፤ ያላፈሰሰ ደግሞ ምንም አያገኝም።

ሁለተኛ፣ የእርጅና ተቀናሽ የምንዛሪ ለውጥን እንዲያገናዝብ፣ በሽያጭ ላይ የሚታሰበውም ዝቅተኛ ግብር አምራቹን ከነጋዴው እንዲለይ ይደረግ። ትርፉ ባነሰበት ዓመት የተከፈለው ብልጫ ትርፉ በሚሻልበት ዓመት የሚታሰብበት መንገድም ግልጽና ቀላል ይሁን።

ሦስተኛ፣ ላኪ አምራች በጥሬ ዕቃ ላይ የከፈለው ተጨማሪ እሴት ታክስ በተወሰነ ቀን ይመለስለት፤ የሕግ ለውጥም ከአዲሱ የበጀት ዓመት መጀመሪያ በፊት በቂ ጊዜ ተሰጥቶት ይታወጅ። ተመላሹ የዘገየበት አምራች ሳይጠየቅ ለመንግሥት ያለ ወለድ እያበደረ ነው፤ ያንኑ ገንዘብ ራሱ ከባንክ በወለድ ይበደራል።

አራተኛ፣ በእፎይታ የተተወው ገቢ በየዓመቱ ተሰልቶ ከበጀቱ ጋር ይገለጽ። ሕዝቡ ለእያንዳንዱ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተተወውን ግብርና የተፈጠረውን ሥራ ጎን ለጎን ማየት ይገባዋል። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የእኛው የደብረ ብርሃን ፓርክም በዚሁ ሚዛን ቢመዘን አናፍርም፤ ጠቃሚነቱን በማስረጃ ማስረዳት እንችላለን፤ የጎደለውንም እናውቃለን።

በቋንቋችን ግብር የሚለው ቃል ገበሬው የሚያገባውንም ባለሥልጣኑ የሚያበላውንም ድግስ የሚጠራ ቃል ሆኖ ኖሯል። በዚያ ዘመን የነበረው ክፍፍል እኩል ባይሆንም፣ የገባው የት እንደሚወጣ በዓይን ይታይ ነበር። ዛሬ የምንጠይቀው ይህንኑ ግልጽነት፣ ከእኩልነት ጋር ነው።

የምንጠይቀውን ለማግኘት የምንሰጠውም አለ። በሽያጭ ግምት መገበር የማይፈልግ ነጋዴ ትርፉን በመዝገብ ማሳየት አለበት። በመሐል ሜዳ፣ በራቤልም ሆነ በዓለም ከተማ ያላችሁ ነጋዴዎች ከሐምሌ 1 ጀምሮ የገዛችሁትንና የሸጣችሁትን በየዕለቱ መዝግቡ። እናንተ የሒሳብ ተማሪዎች ደግሞ ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ከሩቅ አገር አሐዝ ከመፈለግ ይልቅ፣ አንድ ኪሎ ሱፍ ከበጉ ጀርባ እስከ ፋብሪካው በር ድረስ ስንት ጊዜ እንደሚገበርበት ተከታትላችሁ ጻፉ። የገቢዎች ባለሙያዎች በበኩላችሁ በሐቅ የቀረበን መዝገብ በሐቅ መርምሩ። ለሕግ አውጪው ይዘነው የምንቀርበው ማስረጃ ከእነዚህ ሦስት ሥራዎች የሚገኝ ነው።